ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚነዳ መኪና

በየዓመቱ ለተማሪ አውቶቡስ ሾፌሮች የሚደረግ የጤና ምርመራ አለ። ደም ግፊት ይለካል፣ ስኳር ይታያል፣ ጆሮ ይፈተሻል። በመጨረሻ ነርሷ ወንበር ላይ ታስቀምጠኝና ፊት ለፊት ያለችውን ነጥብ ብቻ እያየሁ በጎን በኩል መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር «አየሁ» እንድል ትነግረኛለች። ለብዙ ዓመት ይህን ምርመራ ሳላስበው ነበር የማልፈው። የመጨረሻው ጊዜ ግን ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይታ ነርሷ፣ «ጀምረናል እኮ» አለችኝ። እኔ እስክትጀምር እየጠበቅኩ ነበር።

በዚያው ቀን የአውቶቡሱን ቁልፍ ተቀበሉኝ። ለጊዜው ነው አሉኝ።

ቀጥሎ የዓይን ስፔሻሊስት ዘንድ ተላክሁ። ክሊኒኩ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው፣ ከአፓርታማዬ በእግር የሚደረስ። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ስትናገርም ረጋ ያለች። በመሳሪያዋ ዓይኔን ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየችና መብራቱን አብርታ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

«ከቤተሰብሽ ውስጥ ሲመሽ ማየት የሚቸግረው ሰው ነበር?»

«አባቴ» አልኩ። ዳፍንት በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ስላላወቅኩ፣ «ፀሐይ ስትጠልቅ ዓይኑ አያይም ነበር፤ ኋላ ግን ቀንም ማየት ተወ» ብዬ አስረዳኋት።

አባቴን ስጠራ ፊቷ ላይ የነበረው ጥርጣሬ ጠፋ። በሽታው ከዘር የሚመጣ ነው አለችኝ። መጀመሪያ የጨለማውን እይታ ይወስዳል፣ ከዚያ ከዳር ከዳር እየበላ ወደ መሀል ይመጣል። መሀሉ ለረጅም ጊዜ ጥርት ብሎ ስለሚታይ ሰው ሳያውቀው ዓመታት ያልፋሉ። «አንቺ ደግሞ ሾፌር ነሽ፤ አንገትሽን ቶሎ ቶሎ ማዞር ልማድሽ ነው። ችግሩን የደበቀብሽ ልማድሽ ነው» አለች። እውነቷን ነው። የተማሪ አውቶቡስ ዙሪያውን ስፖኪዮ ነው፤ ሥራው ራሱ ከአንዱ ስፖኪዮ ወደ ሌላው መዞር ነው። መድኃኒት አለው ወይ አልኳት፤ የለውም። ስንት ጊዜ አለኝ አልኳት፤ አላውቅም፣ አንዳንዱ ሰው ቶሎ ይሄድበታል፣ አንዳንዱ ይቆያል።

ከክሊኒኩ ወጥቼ ቤት መግባት አልቻልኩም። የምኖርበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ልጆቹን ማሰብ ጀመርኩ። በየፌርማታው አውርጄ፣ ቀይ መብራቴን አብርቼ፣ ከፊቴ ያሻገርኳቸውን ልጆች። አንዳቸውንም አልነካሁም። እስከዚያን ቀን ድረስ ያንን በራሴ ጉብዝና ነበር የማየው። ደረጃው ላይ ስቀመጥ ግን ምን ያህሉ ጉብዝና፣ ምን ያህሉ ዕድል እንደነበር መለየት አቃተኝ።

የአውቶቡስ መንጃ ፈቃዴ ተሰረዘ። የግል መኪናዬን እንድነዳ ተፈቀደልኝ፤ ነገር ግን ፈቃዱ ላይ ገደብ ተጻፈበት፦ በቀን ብርሃን ብቻ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ሳትጠልቅ በፊት። እሱም ዓይኔ እየታየ የሚታደስ ነው። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ቢሮ አስገባኝ፤ ከሾፌሮቹ ጋር በሬዲዮ የምነጋገር ሆንኩ። መንገድ የተዘጋበትን፣ ልጅ የታመመበትን፣ አውቶቡሱ የቆመበትን እየሰማሁ ሌላ ሰው እልካለሁ። የእኔን አውቶቡስ የወሰደችው አዲስ ሾፌር በሬዲዮ ስትጠራኝ ከኋላዋ ልጆቹ ሲጯጯሁ ይሰማኛል። ድምፃቸውን ለይቼ ሳውቀው ሬዲዮውን እቀንሰዋለሁ።

አንድ መኪና እንደገና መመኘት የጀመርኩት እዚያ የቢሮ ወንበር ላይ ነው።

ምኞቱ ግን የቆየ ነው። አሜሪካ እንደገባሁ የመጀመሪያ ሥራዬ አርሊንግተን ውስጥ፣ ከቢሮዎች በታች ያለ የመኪና ማቆሚያ ነበር። ደንበኛው ቁልፉን ይሰጠናል፣ እኛ መኪናውን ምድር ቤት ወርደን እናቆማለን። ከሠራተኞቹ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ጠበቃ ደንበኛ ነበረን፤ አርብ አርብ አሜሪካኖች መስል ካር የሚሉትን ይዞ ይመጣል። ሁለት በር፣ ረጅም ኮፈን፣ ከውስጡ ስምንት ሲሊንደር ሞተር። ወንዶቹ ይሻሙበት ነበር። አንድ ቀን ሁሉም በሥራ ተይዘው ቁልፉ እኔ እጅ ገባ። ቁልቁል ስወርድ ነዳጁን ትንሽ ነካ አደረግኩት። የሞተሩ ድምፅ ከኮንክሪቱ ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ ደረቴ ውስጥ ገባ። ያኔ እንግሊዝኛዬ የተሰባበረ፣ የምተኛው በሰው ሳሎን ሶፋ ላይ ነበር። ከዚያ መኪና ስወርድ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን እገዛዋለሁ አልኩ። ከዚያ ሥራ ለወጥኩ፣ አገባሁ፣ ፈታሁ፣ ትንሽ የምትንኳኳ ነገር ግን የማታስቸግር መኪና ገዝቼ ዓመታት ነዳሁ። ከከተማው ራቅ ባለው ጀርመንታውን ቤት ለመግዛት ማጠራቀም ስጀምር ደግሞ ያ መኪና ከነጭራሹ ከሐሳቤ ወጣ።

አሁን ቤቱ ትርጉም አጣብኝ። ጀርመንታውን ያለ መኪና መኖር አይቻልም። ስለዚህ ገንዘቡ አለ፣ ቀኑ አጭር ነው፣ ዓይኔ እያለቀ ነው። በምሳ ሰዓት ስልኬ ላይ መኪና እያየሁ መዋል ጀመርኩ። እንጀራዬ ሳይነካ ይደርቃል። እገዛዋለሁ ስል ደረቴ ይከፈታል፤ ወዲያው ደግሞ፣ ለምን? ለስንት ወር? ማንን ልትገጪበት? እላለሁ። አልገዛም ስል ደግሞ አንድ ነገር ከወዲሁ አፈር የገባ ይመስለኛል። በዚህ መሀል ከአለቆቼ በቀር ሥራ ቦታ ለማንም አልተናገርኩም። ለእህቴም ቢሮ የገባሁት ወገቤን አሞኝ ነው ብያት ነበር።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ሆቴል ውስጥ ላውንድሪ ትሠራለች። መንዳት አልተማረችም። ከዓመታት በፊት ላስተምራት ብዬ አንድ ሰፊ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ መሪው ላይ አስቀመጥኳት፤ መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር በሩን ከፍታ ልትወርድ ደረሰች። ከዚያ ወዲህ ሾፌሯ እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ ከተማዋን በሚከበው ሀይዌይ፣ በቤልትዌይ ዞሬ፣ የፖቶማክን ድልድይ ተሻግሬ እመጣለሁ። ሐኪም ቤት፣ ገበያ፣ ሰው ሲሞት ለቅሶ ቤት እወስዳታለሁ። ሀይዌይ ላይ ስንወጣ ዓይኗን ትጨፍናለች። «ደረስን?» ትላለች ሳትገልጠው። እኔም ሳንደርስ «ደርሰናል» እላታለሁ።

በአንዱ ቅዳሜ ቤቷ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ስልኬን ዘርግቼ መኪናውን አሳየኋት።

«ይህን ልገዛ ነው፣ እትዬ።»

ቢላዋውን ይዛ ጎንበስ ብላ አየችው። «በሩ ሁለት ነው እንዴ?»

«ሁለት ነው።»

«እኔ የት ልቀመጥ ነው?»

«ፊት ለፊት።»

«ይህ እኮ የጎረምሳ መኪና ነው። ሰው ምን ይላል? ወገቤን ያምመኛል ስትይ አልነበረም?» ሳቅ አለች። ከዚያ ፊቴን አይታ ሳቋን ተወች። «ምን ሆነሻል?»

ነገርኳት። ከምርመራው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ ቢላዋውን አስቀመጠች፣ እጇን ታጠበች፣ በተሰቀለው ፎጣ አደረቀች፣ ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የእቃ ማጠቢያው ቧንቧ ሳይዘጋ ይፈስ ነበር። ተነስቼ ዘጋሁት።

«አባባን ከሱቅ የማመጣው እኔ ነበርኩ» አለች። «አንቺ አታስታውሺም።»

ትንሽ ትንሽ አስታውሳለሁ። አባታችን ቀበና ልብስ ሰፊ ነበር። እናታችን ዳፍንት ነው ብላ ጉበት ታበላው ነበር፤ አልጠቀመውም። አመሻሽ ላይ እህቴ ከትምህርት ቤት ደብተሯን ሳታስቀምጥ ሄዳ እጁን ይዛ ታመጣዋለች። ሰፈሩ እንዳያውቅ ሲያወሩ የሚመጡ እንዲመስል ጮክ ብላ ታወራው ነበር አለችኝ። ይህን አላውቅም ነበር።

«መጨረሻው ላይ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «አዲስ የስፌት መኪና ገዛ። በእግር ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚሠራ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶት እኔ እያስገባሁለት፣ ሄዶ አዲስ መኪና ገዛ። እማዬ አለቀሰች። እሱ ግን ማታ ቤት ሲገባ፣ 'እንዴት ያለ ድምፅ አላት መሰላችሁ' ይለን ነበር። አንቺ ጨርቅ ለብሳ ጥግ የቆመችውን አይደል የምታውቂው? ጠረጴዛ ናት ብለሽ ቤት ሥራሽን ትሠሪባት ነበር። እሷ ናት። እሱ ሲሞት ተሸክሜ ወስጄ የሸጥኳት እኔ ነኝ።»



«አባቴን መርቼ ጨረስኩ ብዬ ነበር» አለች እህቴ። «አሁን ደግሞ አንቺን? እኔን ማን ሊመራኝ ነው?»

ክፉ ሰው አይደለችም። ደክሟት ነው የተናገረችው፤ ጉልበቷ አብጦ፣ ቀኑን ሙሉ እርጥብ አንሶላ ስትጎትት ውላ። ነገር ግን ቃሉ ከአፏ ወጣ፣ ሁለታችንም ሰማነው። ቦርሳዬን አንስቼ ሳልበላ ወጣሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረስ አለብኝ ብዬ ነው የወጣሁት፤ ገና ከሰዓት ነበር።

የአባቴን ታሪክ የነገረችኝ መኪናውን እንድተው ብላ ይመስለኛል። እኔን ግን አባሰብኝ። ያ ሰውዬ ጥግ ላይ የሚቀመጥ፣ ሲጠሩት አንገቱን ወደ ድምፁ የሚያዞር ዝምተኛ ሽማግሌ ነበር ለእኔ። አሁን ሱቅ ውስጥ ቆሞ አዲሱን መኪና በእጁ ሲዳስስ ታየኝ። ምን እያሰበ እንደነበር አወቅኩ። ማወቄ አላጽናናኝም፤ እንዲያውም አስፈራኝ፤ ምክንያቱም እሱ ከገዛ በኋላ የሆነውንም አወቅኩ።

ዶክተሯ ዘንድ ለክትትል ስመለስ እይታዬን ትንሽ ጠቦ አገኘችው። ብዙ አይደለም አለች። እኔም ሳላስበው፣ «አንቺ ብትሆኚ መኪና ትገዢ ነበር?» አልኳት።

የቀለድኩ መስሏት ፈገግ አለች። እንዳልቀለድኩ ስታይ አሰበች። «እኔ ብሆን ማየት የምፈልገውን አገር ሄጄ አይ ነበር» አለችኝ። «ብዙ ታካሚዎቼ እንደዚያ ያደርጋሉ። ባሕር፣ ተራራ።»

አመሰገንኳት። ማየት የምፈልገው ነገር እንደሌለ ልነግራት አልቻልኩም። የምፈልገው መሪ ይዞ መሄድ ነበር። በሕይወቴ ደህና አድርጌ የሠራሁት እሱን ብቻ ነው። ትዳሬን አልቻልኩበትም፣ ልጅ አልወለድኩም፣ ትምህርቴን ጀምሬ ትቼዋለሁ። መንዳት ግን እችላለሁ። በበረዶ፣ በዝናብ፣ አርባ ልጅ ከኋላዬ እየጮኸ፣ ያን ረጅም ብረት በጠባብ መንገድ ውስጥ አጥፌ ሳወጣ የሚያየኝ ባይኖርም እኔ ራሴን አውቀው ነበር። እሱ ሲወሰድ የቀረችው ሴት ማን እንደሆነች አላውቅም። አሁንም አላውቃትም።

እህቴ ለተወሰነ ጊዜ አልደወለችም። ከዚያ አንድ ሐሙስ ደወለች። ይቅርታ አላለችም፣ እኔም አልጠበቅኩም።

«ቅዳሜ ነይ» አለች። «አብረን ሄደን እንየው። እዚሁ አሌክሳንድሪያ መኪና የሚሸጥ ዲለር አለ፣ በአውቶቡስ ሳልፍ አየዋለሁ። ካየሽው ይወጣልሽ ይሆናል።»

«ባይወጣልኝስ?»

«እንግዲህ ትገዢዋለሽ፣ ምን አደርግሻለሁ?»

ቅዳሜ ብርዱ ጠንካራ፣ ሰማዩ ግን የጠራ ነበር። ሻጩ የእኛው ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ ሴቨን ኮርነርስ አካባቢ የሚኖር፣ ክራባት ያሰረ፣ ጨዋ ልጅ። አማርኛ ስናወራ ሰምቶ ነው ወደ እኛ የመጣው።

«ለልጅሽ ነው፣ እህቴ?» አለኝ።

«ለራሴ ነው።»

ፊቱ በራ። «አሪፍ! ፍሪሲዮን ትችያለሽ? ይሄኛው ማርሹ በእጅ ነው። አሁን አሁን እንዲህ ያለ እየጠፋ ነው፣ ብዙ ሰው አውቶማቲክ ነው የሚፈልገው።»

«የተማርኩት በፍሪሲዮን ነው» አልኩት።

መኪናው ጥቁር አረንጓዴ ነበር። ዞርኩት። ኮፈኑን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ በረዶ ይመስል ነበር። እህቴ ቀዩን ብትገዢ ይሻላል አለች፤ ለምን ስላት፣ «ከሩቅ ይታያል» አለች። ከዚያ የተናገረችውን ሰምታ ወደ መሬት አየች።

ሻጩ መንጃ ፈቃዴን ተቀብሎ ኮፒ ሲያደርግ ገደቡን አነበበ። ቀና ብሎ መስኮቱን አየ። «ቀን ስለሆነ ችግር የለውም» አለና መለሰልኝ። ከዚያ መኪናውን ልሞክረው ቴስት ድራይቭ ወጣን። እሱ ከጎኔ ተቀመጠ፣ እህቴ ከኋላ ጉልበቷን አጥፋ በግድ ገባች። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ ጠባብ፣ በሩ ከፍ ያለ ነው። «ሣጥን ውስጥ የከተቱኝ መሰለኝ» አለች ከኋላዬ።

ሞተሩን አስነሳሁት።

ያንን ለመጻፍ ብዙ ሞክሬያለሁ። የመኪና ማቆሚያው ምድር ቤት ውስጥ የሰማሁት ድምፅ ነው፤ ግን አሁን የእኔ ነበር። ፍሪሲዮኑን ስለቀው ሳይንገራገጭ ተነሳ። ሻጩ፣ «ኦ፣ ታውቂበታለሽ» አለ። ከተማውን በቀስታ ወጣሁ፣ በየመገናኛው አንገቴን ግራ ቀኝ እያዞርኩ። ወደ ሀይዌይ በሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ስደርስ መንገዱ ባዶ ነበር፤ ሻጩ፣ «አሁን ነዳጅ ስጪው» አለኝ። ሰጠሁት። ወንበሩ ከጀርባዬ ገፋኝ፣ ሰውነቴ በሙሉ ወደኋላ ተለጠፈ። ማርሽ ቀየርኩ፣ እንደገና ሰጠሁት። መንገዱ ፊት ለፊቴ ነበር፣ እና ፊት ለፊቱን ጥርት አድርጌ አያለሁ። ታማሚ አልነበርኩም። ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ እህቴ የጮኸች መስሎኝ በስፖኪዮው አየኋት። እየሳቀች ነበር። ዓይኗን ገልጣ፣ የፊት ወንበሩን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ «ኧረ በማርያም! ኧረ በማርያም!» እያለች ትስቃለች። እህቴ እንዲያ ስትስቅ ያየሁት መቼ እንደነበር አላስታውስም። እገዛዋለሁ አልኩ በልቤ። አለቀ። ለአንድ በጋም ቢሆን እገዛዋለሁ።

ከሀይዌዩ ወርደን ወደ ዲለሩ ስንመለስ፣ ወደ ቀኝ የምንታጠፍበት የመጨረሻው መገናኛ ላይ አረንጓዴ በራልኝ። ቀኝ አየሁ፣ ግራ አየሁ፣ መታጠፍ ጀመርኩ።

«ሰው!» ብላ እህቴ ጮኸች። «ሰው! ሰው! ቁሚ!»

ፍሬኑን በሁለት እግሬ የረገጥኩት መሰለኝ። ሞተሩ ጠፋ። ከኮፈኑ ፊት አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ ይዛ ቆማ ነበር። ከየት እንደመጣች አላውቅም። አልነበረችም፣ ከዚያ ነበረች። አንድ እጇ ጋሪው ላይ፣ አንድ እጇ መኪናውን ልታቆም እንደፈለገች ሁሉ ኮፈኑ ላይ። አፏ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን አላወጣችም። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ወደ ጋሪው ጎንበስ ብላ ብርድ ልብሱን ገልጣ አየች። ሕፃኑ ተኝቶ ነበር። ሳትናገረኝ ተሻግራ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሻጩ፣ «ድንገት ነው የገባችብሽ፣ አይዞሽ። የአንቺ ጥፋት አይደለም፣ ከየት እንደመጣች አልታየችም» አለኝ።

እህቴ ከኋላ በቀስታ፣ «ከሩቅ ነው የመጣችው» አለች። «ከዛፉ ሥር ጀምሮ አይቻታለሁ። አንቺም ያየሻት መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ወርጄ ቁልፉን ለሻጩ ሰጠሁት። የቀረችውን መንገድ እሱ ነዳው፣ እኔና እህቴ በእግራችን ሄድን። እሷ የምታነክስበትን እግሯን እየጎተተች በቀኜ በኩል ሆነች፤ አንገቴን ካላዞርኩ አትታየኝም ነበር።

ቢሮው ውስጥ ልጁ ውኃ አመጣልን። «ደንግጠሻል፣ ዛሬ አትወስኚ። መኪናውን ለጥቂት ቀን ይዤ አቆይልሻለሁ» አለኝ። ደግ ልጅ ነው፤ ሊሸጥልኝ ብሎ ብቻ አልነበረም።

«እናንተ መኪና ትገዛላችሁ?» አልኩት።

አልገባውም። በመስኮቱ ውጭ የቆመችውን የራሴን መኪና አሳየሁት። «እሷን።»

«በእሷ ቀይረሽ ልትወስጂ ነው?»

«አይ። እሷን ብቻ ልሸጥ ነው።»

እህቴ፣ «ኧረ ቆይ፣ ቤትሽስ በምን ትሄጃለሽ?» አለች። ልጁ እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ መንጃ ፈቃዴ ላይ ያነበበው ገደብ ትዝ ያለው መሰለ። ሌላ አልጠየቀም። ወረቀቱን ሊያዘጋጅ ገባ።

መኪናዬን ለማራገፍ ወጣን። ከውስጧ የወጣው አንድ ፌስታል አልሞላም። የበረዶ መፋቂያ፣ ጃንጥላ፣ እህቴ የጠፋ መስሏት ሌላ የገዛችበት ጓንት፣ ለልጆች የምይዘው የከረሜላ ቆርቆሮ። እህቴ ጓንቱን አንስታ አየችው፣ አጠለቀችው፣ ከዚያ እንባዋ መጣ። ስለ ጓንቱ እንደሚያለቅስ ሰው እጇን እያየች አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። በሩን ዘጋሁና ተቆልፎ እንደሆነ ሳብ አድርጌ አየሁት፤ የትኛው ሌባ እንዳይወስዳት እንደሆነ እንጃ።

ወደ እሷ ቤት የሚሄድ አንድ አውቶቡስ አለ፣ እሱን ተሳፈርን። ከእሷ ቤት እኔ ብቻዬን ቀጠልኩ፤ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ ሌላ ባቡር። ሲልቨር ስፕሪንግ ስደርስ ጨልሞ ነበር፤ ከጣቢያው እስከ ቤቴ ያለውን መንገድ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ሄድኩ። በየቀኑ በመኪና የማልፈው መንገድ ነው። ሁለት ጊዜ ጠፋሁበት።

መንጃ ፈቃዱን ለመመለስ ስሄድ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ፣ «ገና ጊዜ አለው እኮ፣ ለምን አሁን ትመልሺዋለሽ?» አለችኝ። መታወቂያ ብቻ አወጣችልኝ። ፎቶው ላይ ዓይኔ ጤነኛ ይመስላል።

ሰዎች ጥሩ አደረግሽ ይሉኛል። ዶክተሯም እንደዚያው አለች። ጥሩ አድርጌ ይሆናል። ግን ጥሩ ያደረገ ሰው የሚሰማው ነገር እስካሁን አልመጣልኝም። አንዳንዴ እንዲያውም ያ አረንጓዴ መኪና ይታየኛል፤ ሴትየዋ ያን ቀን ከቤቷ ባትወጣ ኖሮ እላለሁ፣ ከዚያ በራሴ እደነግጣለሁ።

ከእህቴ ጋር አብረን እንኑር ተባብለን ነበር። የእሷ ቤት ለሁለት አይበቃም፣ የእኔ ደግሞ ከሥራዋ ይርቃል። አንድ ወር ያህል ስንነጋገርበት ቆይተን ሁለታችንም ተውነው። አሁን በስልክ ነን። ጉልበቷ ብሶባታል፤ ዕቃዋን በአውቶቡስ ነው የምታመላልሰው፣ ከባድ ከባዱን መግዛት ትታለች። እኔን አትወቅሰኝም። ዝም ስትል ግን ዝምታው ውስጥ እሰማዋለሁ። በመጨረሻ ያየኋት ከሁለት ወር በፊት ነው፤ በእኛ መካከል ያለው በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም ነበር።

ሐኪም ቤት የምሄደው ዓይናቸው ለማያይና እግራቸው ለማይችል ሰዎች በተመደበ ቫን ነው። ሾፌሩ የእኛ አገር ሰው ነው፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አያንስም። ነጩን የዓይነ ስውር ዘንጌን ይዤ ሲያየኝ ግን፣ «ቀስ ብለው እማማ፣ ደረጃ አለው» ይለኛል። እማማ እንዳይለኝ ልነግረው አስቤ አውቃለሁ። ከእሱ ወንበር ኋላ ባለው ወንበር ላይ ያስቀምጠኛል፣ ቀበቶዬን ራሱ ያስርልኛል፣ ከዚያ ስልኩን በጆሮው ላይ ሰክቶ እያወራ ይነዳል። ፍሬን የሚይዘው ዘግይቶ ነው። ቀይ መብራት ላይ በደረሰ ቁጥር እግሬ ወለሉን ይረግጣል።